«ሐቄን ትቻለሁ»፦ የህንድ ሴት ልጅና የአባቷ ርስት

በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን ገጠሮች፣ አባት ሞቶ ሐዘኑ ወጣ ሲል የሚመጣ አንድ ወግ አለ። ያገቡት እህቶች ከየባላቸው አገር ይጠራሉ። ወንድሞቻቸው ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ያዘጋጁላቸዋል። ከዚያ ተያይዘው ወደ መዝገብ ቤት ይሄዱና እህቶቹ አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማትችለው አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። የወረቀቱ ፍሬ ነገር ሴቲቱ ከአባቷ ርስት የሚደርሳትን ድርሻ ለወንድሞቿ በፈቃዷ ትታለች የሚል ነው። ወጉ «ሐቅ ትያግ» ይባላል። «ትያግ» መተው፣ መሠዋት ማለት ነው። «ሐቅ» የሚለውን መተርጎም አያስፈልግም፤ ከዐረብኛ ተነሥቶ እነርሱ ዘንድም እኛ ዘንድም የገባ ቃል ነው።

ስለ ህንድ ሴቶች መብት ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነሡት ከፍ ያሉት ስሞች ናቸው። ኢንድራ ጋንዲ በ1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፋቲማ ቢቪ በ1989 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነው ተሹመዋል። ከሳንታል ብሔረሰብ የወጡት ድራውፓዲ ሙርሙ በ2022 የአገሪቱን ፕሬዚዳንትነት ይዘዋል። ይህ ሁሉ ክብር የሚገባው ነው። እኔ ግን የአንድን አገር ሴቶች ኑሮ ለማወቅ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ የመሬት መዝገቡን ማየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መሬቱ በማን ስም ነው? ባሏ ሲሞት ወይም ሲያባርራት የት ትገባለች? የህንድ ሴቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ከድሎቻቸው ሁሉ ትልቁም ያልተቋጨውም ይኸው ይመስለኛል።

እህቶቹ ለምን ይፈርማሉ? ከውጭ ሲታይ ሞኝነት ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ስሌት ነው። በሰሜን ህንድ ልማድ ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች። ከባሏ ቤት ብትጣላ፣ ብትታመም፣ ብትደበደብ ወይም መበለት ብትሆን የምትመለስበት ደጅ የወንድሟ ደጅ ብቻ ነው። ድርሻዬን ካለች ያ ደጅ ይዘጋባታል ብላ ትፈራለች፤ ብዙ ጊዜም ፍርሃቷ እውነት ነው። ስለዚህ መሬቱን ሰጥታ ወንድም ትገዛለች ማለት ይቻላል።

ሌላው ሰበብ የጋብቻ ስጦታው ነው። በእኛ አገር ጥሎሽ ስንል ከወንዱ ወገን ለሙሽራይቱ የሚመጣውን ልብስና ጌጥ ነው። በህንድ በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ከባዱን ገንዘብና ዕቃ የሚያወጣው የሴቷ ወገን ነው። በሕግ ከ1961 ጀምሮ ተከልክሏል፤ በኑሮ ግን አልጠፋም። ወንድሞችም «ድርሻሽን በሠርግሽ ቀን ወስደሻል» ይላሉ። አባባሉ ጆሮ ላይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በአብዛኛው ወደ አማቶቿ እጅ ይገባል እንጂ ወደ እርሷ እጅ አይደርስም። መሬት በየዓመቱ ይታረሳል። በሠርግ ቀን የተሰጠ ገንዘብ ግን በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። በህንድ ስለ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ ለሁሉም ዜጋ እኩል የሚሠራ አንድ ሕግ የለም። ሂንዱው በሂንዱ ሕግ (ሲኮች፣ ቡድሂስቶችና ጄይኖችም በዚያው ሥር ናቸው)፣ ሙስሊሙ በሸሪዓ፣ ክርስቲያኑና ፓርሲው (ከፋርስ የመጡት የዞሮአስተር እምነት ተከታይ) በሌላ ሕግ ይዳኛሉ። የአንዲት ሴት ድርሻ የሚወሰነው በየትኛው ሃይማኖት ውስጥ እንደ ተወለደች ነው፤ አንዳንዴም በየትኛው ክልል።

ብዙኃኑን የሚነካው የሂንዱው ሕግ ስለሆነ እርሱ ላይ ልቆይ። በጥንቱ የሂንዱ ሥርዓት ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሀብት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ርስት እንደምንለው የቤተሰቡ ነው፤ ባለድርሻ መሆንም የሚጀምረው አባት ሲሞት ሳይሆን ልጅ ሲወለድ ነው። ግን ወንድ ልጅ ሲወለድ ብቻ። ወንዱ ሕፃን ገና ዓይኑን ሲገልጥ ከአባቱ ጋር የርስቱ ተካፋይ ይሆናል። እህቱ ከእርሱ አሥር ዓመት ብትበልጥም እስክትዳር ድረስ ቀለብ የሚሰጣት የቤቱ እንግዳ ናት። (በእኛ በሰሜኑ የርስት ሥርዓት የእናት ወገንም ይቆጠር እንደ ነበር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል።) መበለቲቱም በ1937 በወጣ ሕግ ከባሏ ሀብት ድርሻ ብታገኝም የዕድሜ ልክ ድርሻ ብቻ ነበር። ብታርሰውና ብትበላው እንጂ ብትሸጠው ወይም ለወደደችው ብታወርሰው አትችልም፤ ስትሞት ወደ ባሏ ወራሾች ይመለሳል።

ይህን ለመለወጥ የተነሡት ሴቶች ብዙዎቹ በ1927 ከተመሠረተው የመላ ህንድ ሴቶች ጉባኤ የወጡ ነበሩ። ሬኑካ ራይ ገና በ1930ዎቹ ስለ ሴቶች የሕግ ጉድለት ሲጽፉና ሲሟገቱ ነበር። ሐንሳ ሜታ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ የመጀመሪያው አንቀጽ «ወንዶች ሁሉ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል ቃል እንዳይጻፍ ተከራክረው «የሰው ልጆች ሁሉ» ተብሎ እንዲወጣ ያደረጉ ሴት ናቸው። ሁለቱም የነጻዪቱን ህንድ ሕገ መንግሥት ባረቀቀው ጉባኤ ውስጥ ከነበሩት 15 ሴቶች መካከል ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በ1950 ሥራ ላይ ሲውል የፆታ አድልዎን ከለከለ፤ ሴቶችም ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ ከወንዶች እኩል መረጡ። የቤት ውስጡ ሕግ ግን በቦታው ነበር።

የሕግ ሚኒስትሩ ዶክተር አምበድካር የሂንዱን የቤተሰብ ሕግ ከሥሩ የሚያስተካክል ረቂቅ ይዘው ቀረቡ። እርሳቸው ራሳቸው «የማይነኩ» ከሚባሉት የተወለዱ ነበሩና የልማድ ሕግ ሰውን እንዴት እንደሚረግጥ የሚያስተምራቸው አያስፈልግም ነበር። ተቃውሞው ከባድ ሆነ። ሴት ልጅ ከወረሰች ቤተሰብ ይፈርሳል፣ መሬት ይበጣጠሳል፣ ባዕድ አማች እርሻችን ውስጥ ይገባል ተባለ። ፕሬዚዳንቱ ራጄንድራ ፕራሳድም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። ረቂቁ ሲጎተት ሲጎተት ቆይቶ አምበድካር በመስከረም 1951 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ይህ ነበር። አንድ ሚኒስትር ስለ ሴቶች ውርስ ብሎ ወንበሩን የለቀቀበት ሌላ አገር እኔ አላውቅም። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ረቂቁን ቆራርጠው አሳለፉት፤ የውርሱ ሕግ በ1956 ወጣ።

የ1956ቱ ሕግ ትልቅ ነገር አደረገ። መበለቲቱ የያዘችው ሀብት የራሷ ሆነ፤ መሸጥም ማውረስም ቻለች። ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር በወራሽነት ስሟ ተጻፈ። ሆኖም ያንን የወንዶች ርስት አልነካውም። ውጤቱን በቁጥር ብናየው ይገባናል። አባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ያሉበትን ቤት እናስብ፤ እናት ቀድማ አርፋለች። ከአያት የወረደ 9 ሄክታር መሬት አለ፤ አባት ሳይናዘዝ ሞተ። ሕጉ በመጀመሪያ አባትየው ከመሞቱ አንድ አፍታ በፊት ከወንዶች ልጆቹ ጋር እንደ ተካፈለ ይቆጥራል፦ ለሦስቱ ወንዶች ሦስት ሦስት ሄክታር። ከዚያ የአባትየው 3 ሄክታር ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፦ አንድ አንድ። ወንዶቹ አራት አራት ሄክታር ይዘው ወጡ፤ ሴቷ አንድ። ወረቀቱ ላይ ግን ሕጉ «እኩል» የሚል ቃል አለበት። አባትየውም ከፈለገ የራሱን 3 ሄክታር በኑዛዜ ለወንዶቹ ሰጥቶ ያችን አንዷንም ሊያስቀርባት ይችላል።

የደቡቡ ክልሎችና ጎረቤታቸው ማሃራሽትራ አልጠበቁም። ኬረላ በ1976 የጋራውን የቤተሰብ ርስት ሥርዓት ጭራሽ አስቀረችው። አንድራ ፕራዴሽ በ1986፣ ታሚል ናዱ በ1989፣ ማሃራሽትራና ካርናታካ በ1994 ሴት ልጅን ከልደቷ ጀምሮ ባለድርሻ አደረጉ። አገር አቀፉ ማሻሻያ የመጣው ግን ኢኮኖሚስቷ ቢና አጋርዋልና በርካታ የሴቶች ማኅበራት ዓመታት ከወተወቱ በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን 2005 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት ልጅ ስትወለድ እንደ ወንድሟ የርስቱ ተካፋይ ናት፤ ብታገባም አይቀርባትም። ወደ ዘጠኙ ሄክታር ብንመለስ አሁን የመጀመሪያው ክፍፍል በአራት ነው፤ የአባትየው ሩብ እንደገና ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ልጅ ልክ 3 ሄክታር ይደርሳል።

አዲስ ጥያቄ ደግሞ ወዲያው ተነሣ፦ አባቷ ከ2005 በፊት የሞተባትስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 አባትየው በዚያች ቀን በሕይወት መኖር አለበት አለ። በአባት ሞት ቀን ብቻ አንዲት እህት ወራሽ፣ ሌላዋ ባዶ እጇን የምትሆንበት ነገር ሆነ። ነሐሴ 11 ቀን 2020 ግን ሦስት ዳኞች በቪኒታ ሻርማ ክስ ያንን ሻሩት፤ መብቱ በልደት የመጣ ስለሆነ የአባት መኖር አለመኖር አይቆጠርም አሉ። የማይነካው ከታኅሣሥ 20 ቀን 2004 በፊት በሕግ የተፈጸመ ክፍፍልና ሽያጭ ብቻ ነው፤ ረቂቁ ፓርላማ የገባው በዚያ ቀን ነበርና።

ከሂንዱዎቹ ሕግ ውጭ ያለውን ስናይ እኛን በቅርብ የሚያገኘን አንድ ታሪክ አለ። ኬረላን የእናትና አባቶቻችን ትውልድ ያውቃታል፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። እዚያ ከጥንት ጀምሮ የሶሪያ ክርስቲያኖች የሚባሉ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ወገን የሆነው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ሲሆን በ1965ቱ የአዲስ አበባ የአኃት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተገኝቷል። እነዚህ ክርስቲያኖች በ1916 የወጣ የትራቫንኮር (ዛሬ የኬረላ አካል የሆነው የቀድሞ መንግሥት) ሕግ ነበራቸው። በዚያ ሕግ ሴት ልጅ የወንድሟን ድርሻ አንድ አራተኛ ወይም 5,000 ሩፒ ታገኛለች፤ ከሁለቱ ያነሰውን። አባቷ ባለጸጋ ነጋዴ ቢሆንም 5,000 ሩፒ ነው።

ሜሪ ሮይ ከባላቸው ተለይተው ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ኡቲ በምትባል ከተማ በአባታቸው ጎጆ ተጠልለው ሳለ «ይህ ቤት አንቺን አያገባሽም» የተባሉ ሴት ናቸው። ኋላ በኮታያም ትምህርት ቤት መሥርተው በራሳቸው ቆሙ። ገንዘቡ ሳይሆን ሕጉ አንገብግቧቸው ክሱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። በ1986 ተፈረደላቸው፤ የትራቫንኮሩ ሕግ ከ1951 ጀምሮ የሞተ ነው፣ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ትወርሳለች ተባለ። በአገራቸው የጠበቃቸው ግን ጭብጨባ አልነበረም። ብዙ ሰዎች ቤተሰብ አፋረሰች ብለው አዘኑባቸው፤ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን የሚያስቀር ኑዛዜ እንዲጽፉ የሚመክሩም ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው ከፍርዱ በኋላ ድርሻቸውን ለመረከብ ዓመታት ፈጀባቸው። በ2022 አርፈዋል። ዛሬ ድርሻዋን የምታገኝ የኬረላ ክርስቲያን ሴት ሁሉ የእርሳቸው ባለዕዳ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሙስሊም ሴት ልጅ በሸሪዓው የወንድሟን ግማሽ ታገኛለች፤ ከጥንቱ የሂንዱ ልማድ አንጻር ይህ በዘመኑ ትልቅ መብት ነበር። ይሁንና ሸሪዓው እንዲሠራ ያደረገው የ1937ቱ ሕግ የእርሻ መሬትን ከውስጡ አውጥቶታልና በገጠር ዋናው ሀብት በብዙ ቦታ ለልማድ ተተወ። በኡታር ፕራዴሽም ለረጅም ዘመን የእርሻ መሬት በክልሉ የራሱ የመሬት ሕግ ሲወረስ ያገባች ሴት ልጅ ከወንድሟ ኋላ ትሰለፍ ነበር። የአገሪቱ ትልቁ ሕዝብ ያለበት ክልል ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ድርሻ ማግኘቷ ምን ይለውጣል? ባሏ አይደል የሚያርሰው?» ይል ይሆናል። ቢና አጋርዋልና ፕራዲፕ ፓንዳ በኬረላ በቲሩቫናንታፑራም አውራጃ 500 ያህል ያገቡ ሴቶችን ጠይቀው ውጤቱን በ2005 አውጥተው ነበር። መሬትም ቤትም ከሌላቸው ሴቶች 49 በመቶው በትዳራቸው ዘመን የባል ዱላ ቀምሰዋል። መሬትም ቤትም በስማቸው ካላቸው መካከል ግን 7 በመቶ ብቻ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። የባል ትምህርትና ገቢ ሁሉ ተመዝኖ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። ሄዳ የምታድርበት ቤት ያላት ሴት ላይ እጁን የሚያነሣ ባል ሁለቴ ያስባል።

በቢሃር፣ በቦድ ጋያ አካባቢም ከ1978 ጀምሮ መሬት አልባ ደሃ ገበሬዎች ሰፊ መሬት ይዞ በነበረ ገዳም ላይ ተነሥተው ነበር። ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል ተደበደቡ፣ እኩል ታሰሩ። መሬቱ መከፋፈል ሲጀምር ግን ሹማምንቱ የአባወራውን ስም ብቻ ሊጽፉ ፈለጉ። ሴቶቹ እንቢ አሉ፤ በአንዳንድ መንደር ወንዶቹም በሚስቶቻችን ስም ካልሆነ አንቀበልም ብለው አብረው ቆሙ። በመጨረሻ በጥቂት መንደሮች መሬቱ በሴቶቹ ስም ተመዘገበ። በመላው አገር ሲታይ ይህ ጠብታ ነው፤ ግን የድሀ ገበሬ ባልና ሚስት ያደረጉት ነገር የተማረው ዳኛ ለመፍረድ ስንት ዓመት እንደ ፈጀበት ሳስብ ሁሌ ይደንቀኛል።

ዛሬስ? በገጠር ህንድ ከሚሠሩት ሴቶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚውሉት እርሻ ላይ ነው። ሩዝ የምትተክለው፣ የምታርመው፣ ላሟን የምታልበው እርሷ ናት። በ2015-16ቱ የእርሻ ቆጠራ ግን በሴቶች ስም የሚተዳደረው የእርሻ ይዞታ ከመቶ 14 ገደማ ብቻ ነበር። ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። በ2019 የተጀመረው ለገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የሚሄደው ስሙ በመሬት መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው። የባንክ ብድርም፣ የሰብል ካሳም መዝገቡን ይከተላል። መዝገቡን የሚይዘው ፓትዋሪ የሚባለው የመንደር ጸሐፊ ነው፤ አባት ሲሞት የወንዶቹን ስም ብቻ አስገብቶ ዝም ቢል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ እዚያ ደብተር ውስጥ አይታይም።

አንዳንድ ክልሎች በዘዴ ሞክረዋል። ዴልሂ ቤት ወይም ቦታ በሴት ስም ለሚያስመዘግብ የምዝገባውን ቴምብር ከ6 ወደ 4 በመቶ ዝቅ አድርጋለች፤ ሀብቱን ለገንዘብ ብሎ በሚስቱ ስም የሚያስገባ ባልም ቢሆን ስሟን አስገብቷል። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮች ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ ያዛል። አንዳንዱ ቦታ ወንበሩ የሚስት፣ ወሬው የባል መሆኑን ህንዳውያን ራሳቸው አማርረው ይናገራሉ፤ ቢሆንም በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን የተደረገ ጥናት ሴት የምትመራቸው መንደሮች ለመጠጥ ውኃ የበለጠ እንደሚያወጡ አሳይቷል። በፓርላማውም ሲሶ ወንበር ለሴቶች የሚሰጠው ማሻሻያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበ ከ27 ዓመት በኋላ በ2023 ጸደቀ፤ ከሕዝብ ቆጠራና ከምርጫ ክልሎች አዲስ አከላለል በኋላ ይጀምራል በሚል ገደብ። በ2024ቱ ምርጫ ከ543 መቀመጫዎች ያሸነፉት 74 ሴቶች ነበሩ።

ወደ ውርሱ ልመለስና በአንዲት ሴት ልጨርስ። ናራያኒ ዴቪ በ1955 አገባች። በሦስተኛው ወር ባሏ በእባብ ተነድፎ ሞተ። የባሏ ቤተሰብ አባረሯት። ወላጆቿ ተቀብለው አስተማሯት፤ ሥራ ያዘች፣ አርባ ዓመት ገደማ በራሷ ጥረት ኖረች፣ ገንዘብም አጠራቀመች። በ1996 ሳትናዘዝ ሞተች። እናቷ የልጄን ገንዘብ ልውረስ ብላ አመለከተች። በዚያኛው ወገን ደግሞ የዚያ የሦስት ወር ባሏ የእህት ልጆች መጡ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 ተፈረደ፤ ዳኞቹ ነገሩ ከባድ መሆኑን አምነው በርኅራኄ ብቻ ሕግ አይተረጎምም አሉና ገንዘቡን ለባሏ የእህት ልጆች ሰጡ። ፍርዱ የቆመው በዚያው በ1956ቱ ሕግ አንድ አንቀጽ ላይ ነው፤ የ2005ቱ ማሻሻያ አልነካውም ነበር። ሂንዱ ወንድ ሳይናዘዝ ቢሞት እናቱ ከልጆቹና ከሚስቱ ጋር በመጀመሪያው ረድፍ ትወርሳለች። አግብታ የነበረች ሴት ልጅም ባልም ሳትተው ብትሞት ግን ራሷ ሠርታ ያገኘችው ሀብት አስቀድሞ የሚጠራው የባሏን ወራሾች ነው፤ እናቷና አባቷ የሚጠሩት ከእነርሱ አንድም ሰው ሲጠፋ ነው።